በሰው ቤት ስንቅ መፍታት

ድንኳኑን የሰፋሁት የባጃጅ ጣሪያ ከምሰፋበት ሸራ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የባጃጅ ሸራና የወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የተቀደደ ሸራ ስፌቱን ፈትቼ፣ ቁርጥራጮቹን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ በዚያው ልክ ሌላ ቆርጬ ነው የጀመርኩት። ድንኳኑንም በዚያው መንገድ ልሠራው ፈልጌ ነበር፤ ግን ፈትቼ የማየው ድንኳን አልነበረኝም። ስለዚህ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በስልኬ እየከፈትኩ፣ እያቆምኩ፣ ስፌቱ በየት በየት እንደሚያልፍ አየሁ። ለምሰሶ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ቀርከሃ ገዛሁ። ለካስማ ብረት ቤት ሄጄ የተረፈ ፌሮ አስቆረጥኩና ጫፉን አስቆለመምኩ። ስፌቱን ደግሜ ከመታሁት በኋላ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ሁሉ በሻማ ቀባሁት። ጥር ላይ ዝናብ እንደማይጥል አላጣሁትም። ቢሆንም ውኃ የሚያስገባ ስፌት አይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ድንኳኑ ያስፈለገው ለጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመም አለበት። ጠዋትና ማታ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ኢንሱሊን ይወጋል። ከተወጋ በኋላ በሰዓቱ ካልበላ ስኳሩ ይወርድና ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጎተታል፤ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካላገኘ ደግሞ ራሱን ይስታል። ይህን የምናውቀው እናቱ፣ እኔና የሚያክሙት ሰዎች ብቻ ነበርን። እሱ ለሰው አይናገርም። ተማሪ ሳለን መርፌውን ይዞ ሽንት ቤት ይገባ ነበር። ሠርግ ተጠርተን ጠላ ሲቀዳለት "መድኃኒት ጀምሬያለሁ" ብሎ ያልፋል፤ የምን መድኃኒት ነው የሚል ሰው ከመጣ ወሬ ይለውጣል። "ስኳር ነው ካልኳቸው ከዚያ በኋላ ስሜን ይረሱታል፤ 'ስኳር ያለበት ልጅ' ነው የሚሉኝ" ብሎኛል አንድ ቀን። አልተከራከርኩትም።

ድንኳኑን በሰፋሁበት ዓመት ሊበን የምትባል ከተማ ላይ ሥራ አገኘ። የእርሻ መሬት የሚለካ አንድ ቡድን ነው የቀጠረው፤ ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ገጠር ይወጡና ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረ ሥራ ነው። እናቱ ግን ከቤታቸው ውጭ አንድ ሌሊት አሳድረውት አያውቁም። ዘመድ ቤት ለቅሶም ቢሆን ድግስም ቢሆን ደርሶ ያችኑ ማታ ይመለሳል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ እሳቸው ትንሽ ሱቅ ከፍተው ሳሙናና ለስላሳ መጠጥ እየሸጡ ነው ያሳደጉት። ኢንሱሊኑም የሚቀመጠው ለስላሳው በሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ ነው።

"ሊበን ሩቅ ነው አላልኩም" አሉ እናቱ፣ እኔ ባለሁበት። "ሜዳ ላይ ተኝተህ ስኳርህ ቢወርድ ማን ያይሃል? ቀበሮ?"

"ቀበሮ ስኳር አትለካም፣ እማ።"

"አንተስ መቼ ትለካለህ? እኔ ካልጮኽኩብህ!"

እንዲህ እንዲህ ተባብለው መጨረሻ ላይ እናቱ ነገሩን ቆረጡት። "እሽ። አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ አድረህ አሳየኝ። ደህና ከመጣህ እንነጋገራለን። ካልሆነ ያን ሥራ ትተወውና እዚሁ ከእኔ ጋር ሱቅ ትቆማለህ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አብረኸው ሂድ። አንተ ነገር አትረሳም።"

እስከዚያ ጊዜ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ይኼኛው ነው ደስ ያለኝ።

ዕቃ ማዘጋጀት እወዳለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃ መጨረሻ ላይ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ጋቢውና ብርድ ልብሱ ከታች፣ ድንኳኑ ከላይ። ካስማዎቹ ሸራውን እንዳይቀዱት በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልለው ለብቻቸው። ክብሪቱ በድርብ ፌስታል ታስሮ፤ ጨውና ቢላ፣ ትንሽ ድስት፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን። ለምግብ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና እዚያው የምንቀቅለው ድንች። መድኃኒቱን እናቱ በበረዶ መካከል ሊያስቀምጡት አስበው ነበር፤ ነርሷ ግን ኢንሱሊን በረዶ ከነካው ይበላሻል ብላ አስጠንቅቃናለች። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። መርፌው፣ መለኪያውና የደም መንኪያ ወረቀቶቹም አብረው ገቡ። ስኳሩን በሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ ከረሜላ በእሱ ኪስ፣ ከረሜላ በእኔ ኪስ፣ ያልተከፈተ የስኳር ጥቅል በከረጢቱ የጎን ኪስ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ አይጠፋም ብዬ ነው።

እኔ ሳስገባ እናቱ ይጨምራሉ፤ እናቱ ሲጨምሩ እሱ ያወጣል። ሌላ ጋቢ ገባ፣ ወጣ። ዣንጥላ ገባ፣ ወጣ። ትራስ ሲመጣ ጓደኛዬ አላስቻለውም።

"ትራስ ደግሞ ለምን?"

"አንገትህ ይጣመማል።"

"እማ፣ ታዲያ ትራሱ ድንኳን ውስጥ ይደር፣ እኛ ውጭ እንተኛ?"

"አፍህን ዝጋና ያዝ!"

ትራሱም ወጣ። በመጨረሻ እናቱ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አምጥተው ከላይ አስቀመጡት። እሱን አላወጣውም። በምልክት ብቻ ቦታ እንድሠራለት ነገረኝ፤ ከክብሪቱ አራቅሁና ከጋቢው ጥግ ሸጎጥኩት።

ማግስቱን ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ቀርከሃውንና ሸራውን ጣሪያ ላይ እያሰረ ቁልቁል ጠየቀን።

"ድንኳን ነው? ለቅሶ ነው ሠርግ?"

"ሁለቱም አይደለም። ልናድርበት ነው።"

"ማን ከቤት አባረራችሁ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ግን አልሳቁም፤ እስከ ማንኩሳ ድረስ እየደጋገሙ ዞር እያሉ ሲያዩን፣ እውነትም የተባረርን ሳይመስላቸው አልቀረም። ሊወርዱ ሲሉ "እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ" ብለው መርቀውን ወረዱ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ "አሜን" አለ። ከዚያ ወዲያ ቡሬ እስክንደርስ ድረስ በሣቅ አላወራንም።

ከቡሬ ባጃጅ ይዘን አስፋልቱን ለቀን፣ ባጃጁ የማይሄድበት ስንደርስ ተሸክመን ወደ ፈጣም ወንዝ ወረድን። ጤፉ ታጭዶ ስለነበር ማሳው ቃርሚያ ብቻ ነው፤ በርቀት በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ከወንዙ ከፍ ብሎ ሣር ያለበት ደልዳላ ቦታ አገኘን። ከበላዩ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ ቤት አለ። ቤት ቅርብ መሆኑን ጥሩ ነው ብዬ ነው የቆጠርኩት፤ ነገር ቢመጣ ሰው አለ።

ድንኳኑ መጀመሪያ ላይ ወደ አንድ ጎን አጋደለ። ገመዱን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ ካስማውን ወደ ውጭ አዘንብዬ መታሁት፤ ቆመ። ጓደኛዬ ዙሪያውን ዞሮ ስፌቱን በጣቱ እየነካ "ባጃጅ ቢሆን ታሪፉ ስንት ነው?" አለኝ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትደርስ ሦስት ድንጋይ ጎልተን ድንቹን ጣድን። መፍላት ሲጀምር እሱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ለካ፣ ተወጋ። ድንቹ ሊበስል ትንሽ ነው የቀረው፤ ሁሉም በሰዓቱ እየሄደ ነበር።

የዚያ ቤት አባወራ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ውሻቸውን አስከትለው፣ ከላይ ከቤታቸው በኩል ቀስ ብለው ወረዱ። ተነሥተን እጅ ነሣን።

"እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቸ? መንገድ መሸባችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። አልመሸብንም፤ እዚህ ልናድር ነው" አልኩ።

"የት?"

"እዚህ።"

ድንኳኑን አዩ። ወደ ላይ ቤታቸውን አዩ። እንደገና ድንኳኑን አዩ።

"ያ ቤት ሰው የሚኖርበት አልመሰላችሁም?"

"መስሎናል፣ አባቴ።"

"ጭሱን አይታችኋል?"

"አይተናል።"

"ታዲያ ምን አጠፋን?"

እኔ ስለ ሥራው፣ ስለ ልምምዱ አንድ ነገር ለማስረዳት ጀማመርኩ፤ እሳቸው ግን በሐሳባቸው ሌላ ቦታ ደርሰዋል። "ነገ ሰዉ ምን ይለኛል? 'ከደጁ ሥር እንግዳ ሜዳ አደረ፣ እሱ ጎተራውን ደግፎ ተኛ' አይለኝም? ጅብም አለ እዚህ። ጅቡን እንኳ ተዉት፤ ጅብ አይቶ አያወራም። ጎረቤት ነው የሚያወራው።" ይህን እያሉ በእግራቸው አፈር ገፍተው እሳታችንን አለበሱት። "ተነሡ። ድስቱን ተዉት፣ ማንም አይነካው። ከረጢታችሁን ብቻ ያዙ።"

ቁጣቸው ከእውነት ነበር፤ እጄን የያዙበት እጅ ግን የአባት እጅ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ወደ ጓደኛዬ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

"ተወግተሃል አይደል?"

"አሁን ነው።"

"ታዲያ?"

"ቤት ውስጥ ምግብ አይጠፋም" አለ።

ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉን፤ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልን። ሁለት ሕፃናት ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ ሆነው ያዩናል። ባዶ እጅ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው፤ የያዝነው ነገር ደግሞ የለም። ጓደኛዬ እጁን ኪሱ ከተተና ከረሜላውን ሁሉ አውጥቶ ለሕፃናቱ አካፈለ። እኔም እሱን አይቼ የእኔን ሰጠሁ። ቀጥሎ ከከረጢቱ የጎን ኪስ የስኳሩን ጥቅል አወጣና ለእናትየዋ በሁለት እጁ አቀረበ። "ባዶ እጃችንን ስለመጣን…" አለ። "ምን በወጣችሁ!" ብለው ተቀበሉት፣ መረቁን፣ ጓዳ አስገቡት። በሦስት ቦታ የከፈልኩት ስኳር፣ ተቀምጠን ሳንደላደል ከሦስቱም ቦታ አለቀ። ያን ሰዓት አንዳችንም ነገሩ አልታየንም። የታየን የሕፃናቱ ደስታ ብቻ ነው።

ከዚያ አባወራው ወደ ውጭ ወጡ። ዶሮ ስትንጫጫ ሰማን፤ ወዲያው ዝም አለች።

ከጓደኛዬ ጋር ተያየን። ዶሮ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ላባዋ በፈላ ውኃ ይነቀላል፤ ብልቷ ይወጣል፤ በጨው በሎሚ እየተለወጠ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ድስቱ ውስጥ ውኃው እስኪመጥ ይቁላላል፤ ከዚያ ነው በርበሬው የሚገባው። ጠላ ቀረበልን። ጓደኛዬ የተለመደውን "መድኃኒት ጀምሬያለሁ" አለ። ቆሎ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ እናትየዋ ሽንኩርት እየከተፉ "ቆሎ እንዳላቀርብላችሁ ሆዳችሁን ይዘጋዋል። ለወጡ ቦታ ተዉለት፤ ትንሽ ታገሡኝ" አሉ። አቤት፣ እሽ፣ ምንም አይደል አልን፤ ሁለታችንም እኩል።

ዳቦውና እንቁላሉ ከጀርባዬ ከረጢቱ ውስጥ ነው። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን በሰው ቤት፣ ለአንተ ብለው ዶሮ አርደው እሳት ላይ ጥደው ሳለ ስንቅ መፍታት ማለት፣ ወይ "ንፉጎች ናችሁ" ማለት ነው፣ ወይ "ምግባችሁን ጠርጥሬያለሁ" ማለት ነው። በእኛ አገር ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። እጄን ወደ ከረጢቱ ገመድ አደረስኩት፤ አባወራው አዩኝ፤ እጄን መለስኩት።

ጓደኛዬ እሳቱ አጠገብ ስለተቀመጠ ግንባሩ ማላቡን ማንም አልታዘበም፣ ከእኔ በስተቀር። አባወራው ስለ በርበሬ እርሻቸው ያወሩታል፤ ዘንድሮ አንዱ ማሳ እንዴት ጠውልጎ እንደቀረ፣ ሌላው እንዴት እንደካሳቸው። "በእናንተ በኩልስ በርበሬው እንዴት ነው?" ሲሉት ቆየና "ደህና ናቸው" አላቸው። አባወራው ሳቁ። "የከተማ ልጅ! እሳት አይችልም፣ አደንዝዞት ነው" አሉ። እኔ ግን ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አየሁ፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

አንድ ሰበብ ልፈልግ ጀመርኩ። ሆዱን አሞታል ልበል? ውጭ ይዤው ልውጣ? ሌላ ነገር የምፈልግ አስመስዬ ከረጢቱን ልክፈት? እየተነሣሁ ሳለ ጓደኛዬ እጁን ክንዴ ላይ ጭኖ አስቀመጠኝ። ምን ልዋሽለት እንደሆነ የገባው መሰለኝ።

"እናቴ" አለ፣ ወደ ምድጃው። ምላሱ ከብዶታል። "ስኳር አለብኝ። የስኳር ሕመም። መርፌዬን ተወግቻለሁ። አሁኑኑ ካልበላሁ እወድቃለሁ።"

ለሰው እንዲህ ሲል ስሰማው ያ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እናትየዋ ማማሰያውን ጣሉት። "እና ምን አስቀመጠህ፣ ልጄ!" ብለው ጓዳ ገቡ፤ የስኳሩን ጥቅል በጥርሳቸው እየቀደዱ ወጡ። በጣሳ ውኃ ውስጥ አፈሰሱት፣ በጣታቸው አማሰሉት፣ ጭንቅላቱን ደግፈው እንደ ሕፃን አጠጡት። እስኪጨርስ አልለቀቁትም። ከዚያ የምሳውን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱት፣ ደገሙት፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ባላቸው የዞሩት።

"አንተ ነህ! ከድስታቸው ላይ አንሥተህ ያመጣኻቸው አንተ ነህ!"

"እኔ ምን አውቄ? ሜዳ ይደሩ ልበል?"

"ድንቹ በስሎ ነበር ወይ?" አሉኝ እናትየዋ።

"ትንሽ ነበር የቀረው" አልኩ።

አባወራው ያን ሰምተው ወጡ። ሲመለሱ ድስታችንን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል፤ ውሻው ይከተላቸዋል። ድስቱን ከዶሮው አጠገብ ጣዱና ከጀርባዬ ያለውን ከረጢታችንን ራሳቸው አንሥተው መካከላችን አስቀመጡት። "ፍቱ" አሉን። "ስንቃችሁን ፍቱ። ቤታችሁ ነው።"

ፈታሁት። ዳቦውን ቆረስኩ፤ እንቁላሉን ላጥኩ፤ ሕፃናቱም አባወራውም ከእኛ ጋር በሉ። ድንቹ ሲበስል እናትየዋ አዋዜ አቀረቡለት። የጓደኛዬ ፊት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ንግግሩም ተመለሰ። መለኪያውን አውጥቶ እዚያው፣ ሁሉም እያየው፣ ጣቱን ወጋ። አባወራው በጥሞና ተከታተሉት።

"ያቺ ወረቀት ነገረችህ?"

"ነገረችኝ። ከፍ ብሏል።"

"እስኪ እኔንም ለካኝ፤ ስንት ኪሎ ስኳር ይገኝብኝ ይሆን?"

"አንተ ላይ ስኳር ከየት ይመጣል?" አሉ ባለቤታቸው። "በርበሬ እንጂ!"

ዶሮው ደረሰ። ጓደኛዬ የበላው ጥቂት ነው፤ ማንም "በሞቴ" ብሎ አላስጨነቀውም። ቤቱ ውስጥ ማደሪያ ሊያነጥፉልን ሲሉ ደግሞ የእናቱን ነገር ነገራቸው። "ሜዳ ላይ ማደር አለብኝ። ቤት ካደርኩ ሥራውን አጣለሁ" አለ። አባወራው ይህን እንደ ዳኛ አሰቡበት። በመጨረሻ "ድንኳኑን ነቅላችሁ ከአጥሬ ውስጥ ትከሉት። ከአጥሬ ከገባ ቤቴ ነው፤ ሰማይ ካየ ሜዳ ነው። እናትህም እኔም አንጣላም" አሉ። በጨረቃ አብረውን ነቅለው አብረውን ተከሉ። ከላስቲኩ ሥር ብዙ ጭድ አነጠፉልን። ስፌቴን በባትሪዬ እያዩ "ማን ሰፋው?" አሉ፤ እኔ ነኝ ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አላሉም። እኔም ሌላ አልፈለግኩም።

ጠዋት ጓደኛዬ መርፌውን ይዞ ወደ ድንኳን አልገባም። ገበታው ፊት፣ እናትየዋ እንጀራ እስኪዘረጉ ጠበቀና ተወጋ፤ ተከትሎ በላ። ስንሄድ እናትየዋ ከዚያው ከማሳቸው በርበሬ በትንሽ ከረጢት አሥረው "ለእናትህ" ብለው ሰጡት።

አሁን ድንኳን ልታሰፉኝ የመጣችሁ ወጣቶች አላችሁ፤ ምን ምን እንያዝ ትሉኛላችሁ። ጋቢ፣ ክብሪት፣ ገመድ፣ ላስቲክ እላለሁ፤ ካስማውን በጨርቅ ጠቅልሉ እላለሁ። ከመካከላችሁ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ደግሞ ስኳሩን ለእንግድነት እንዳትሰጡ፤ ለእንግድነት የሚሆን ሌላ ነገር ለብቻው ያዙ፣ ሰው ቤት መግባታችሁ አይቀርምና። ደጁ ላይ የሚጨስ ቤት ባለበት አገር ሜዳ አድራለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ። እኔ ሁሉንም አስቤ ይህን አላሰብኩም ነበር። የጎደለኝን የሞሉልኝን ሰዎች ስማቸውን እንኳ ደህና አድርጌ ሳልጠይቅ ተለያየን፤ በቡሬ ባለፍኩ ቁጥር ወደዚያ ወደ ባሕር ዛፉ በኩል ቀና ብዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ያን ቀን ፍኖተ ሰላም ስንገባ እናቱ ሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ፊቱን አዩ፣ ቀጥሎ እጁን፣ ቀጥሎ እኔን። ደህና አደርኩ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ በመንገድም ስንመጣ እንዲህ ይል ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ። እሱ ግን በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ መወጋቱን፣ ዶሮዋን፣ ላቡን፣ ሊወድቅ መድረሱን። እናቱ አላቋረጡትም። ፊታቸው እየጠቆረ ሲሄድ ሥራው ቀረ ብዬ ደመደምኩ።

"ማን ነገራቸው?" አሉ በመጨረሻ። በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "እሱ ነው?"

"አይደለሁም፣ እትየ" አልኩ። "ራሱ ነው።"

"በገዛ አፉ?"

"በገዛ አፉ። ቤተሰቡ ሁሉ እየሰማ።"

አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ መጣች፤ እናቱ ሳሙናውን አወረዱላት፣ መልስ ሰጧት፣ ሸኟት። የበርበሬውን ከረጢት አፍ ፈታ አድርገው አሸተቱ። መልሰው አሠሩት።

"ሊበን" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ገበያው የሚውለው መቼ ነው?"

በገበያ ቀን መኪና እንደሚበዛ፣ ሰው በገበያ ቀን ሄዶ ልጁን አይቶ ያችኑ ቀን እንደሚመለስ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሱ ግን ወዲያው ነው የገባው። ሊበን፣ ሊበን ስንል ከርመን ሁለታችንም ገበያው መቼ እንደሚውል ጠይቀን አናውቅም ነበር። ጓደኛዬ ከትከሻው ጋቢውን እንኳ ሳያወርድ፣ ማዶ የቆመውን የሚኒባስ ረዳት ሊጠይቅ መንገዱን እየሮጠ ተሻገረ።